የአበዛሽ ድንጋይ

ናዝሬት ላይ ሣር ማብቀል ልጅ እንደ ማሳደግ ነው፤ ትንሽ ዘወር ካሉበት ይበላሻል። አበዛሽ ግን አብቅላ አሳየች። ቀድሞ የአንድ ግሪክ በነበረው፣ የውርስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ግን የመንግሥት በሆነው ሆቴል አትክልተኛ ሆና ስትቀጠር፣ የግሪኩ ሣር ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ደርቆ፣ ግቢው የዶሮ መጫሪያ ሆኖ ነበር። የተቀጠረችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ ቢያስጠላት እሑድ እሑድ አዋሽ ዳር እየወረደች፣ የሣር ሥር በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከመች አምጥታ ተከለችው። ሲይዝላት ጊዜ መንገደኛውን ሁሉ ከበር እየጠራች አሳየች። ትሕትና በደረሰበት ደርሳ አታውቅምና፣ "እንዲህ ያለ ሣር ቤተ መንግሥትም የለ!" ትል ነበር፣ ቤተ መንግሥቱን በዓይኗ ባታየውም።

ሣሩን የምታጭደው ግሪኩ ጥሎት በሄደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሣር ማጨጃ መኪና ነበር። ከእሷ በቀር ማንም አይነካውም። ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የአብዮቱ በዓል ደጅ በደረሰበት ሰሞን፣ መኪናው ሣሩ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሆቴሉ አስተዳዳሪ ጓድ ኃይለየሱስ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ከበላይ የመጣውን ሁሉ እንደ ጸሎት መድገሙ ነው። የምርት ዘመቻ ነውና ባዶ መሬት ሁሉ ይታረስ ተብሏል።

"ወይዘሮ አበዛሽ፣ ሣር አይበላም" አላት። "ጎመን ግን ይበላል። ለበዓሉ እንግዶች መቀመጫ ይሆናል ብዬ አስፈቅጄልዎት ነበር። እንዲህ ጫካ ሆኖ የበላዮቹ ካገኙት ግን እኔም አፍ የለኝም። ነገ በሬ ይገባል።"

አበዛሽ ማጭድ ይዛ ገባችበት። የክረምት ሣር አንዱን ጥግ ሲጨርሱት ሌላው ይነሣል፤ የታጨደውም ቢሆን ውሻ የጎተተው ቆዳ መሰለ። ያን ቀን እንባዋ መጣ። ለባሏ ያላለቀሰችውን ጭምር ነው ያለቀሰችው፣ ወገቧን ይዛ፣ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገበሬው ፈይሳ በሬዎቹን እየነዳ በር ላይ ሲደርስ፣ እሷ መኪናውን ደረጃው አጠገብ ገልብጣ ትመረምረዋለች። በመጀመሪያ መብራቱን ጠረጠረች። ከልብስ ማጠቢያ ክፍል ካውያ ተውሳ እዚያው ሶኬት ላይ ሰካችው፤ ካውያው ጋለ። መብራቱ ደኅና ነው ማለት ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው፤ የተቆረጠ የለም። ስፒናውን ነቅላ ምላጩን በእጇ ብታዞረው ያለ ችግር ዞረ። አፍንጫዋን ሞተሩ ላይ ደፍታ አሸተተች። የተቃጠለ ነገር አይሸትም።

"አልሞትክም!" አለችው። "ተኝተህ ነው የምትሸውደኝ!"

መልሳ ሰክታ፣ ንዴቷንም ለመወጣት ጭምር፣ ጎኑን በእንጨት መታ አደረገችው። እርር! አለና ዝም አለ። ደግማ መታችው፤ እንደገና እርር ብሎ ዝም። ነቅላ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታች። ግራና ቀኝ፣ ጥምዝምዝ ሽቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋቸው ሁለት ጥቋቁር ነገሮች አሉ። አንዱ የጣት መገጣጠሚያ ያህላል። ሌላው ተፍቆ ተፍቆ አልቆ፣ ሽቦው ባዶ ቦታ ይገፋል፤ ሲመቱት ካልሆነ ሞተሩን አይነካም። ያለቀውን አንስታ በጣቷ አሸት ብታደርገው ጣቷ ጠቆረ።

ይህን ጥቁር ታውቀዋለች! ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ሰሌዳው ሲነጣባቸው የራዲዮ ድንጋይ፣ ያለቀ ባትሪ፣ ወቅጠው ነበር የሚያጠቁሩት። ከድንጋዩ መካከል የሚወጣው አልወቀጥ ባዩ ዘንግም ጣቷን እንዲህ ነበር የሚያጠቁረው። መልኩም፣ ልስላሴውም ያው ነው።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ዘበኛ ቀነዓ፣ እንደ ልማዱ፣ የደከሙ የራዲዮ ድንጋዮቹን ነፍስ እንዲዘሩ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይጠብቃቸዋል።

"ጋሽ ቀነዓ፣ አንድ ድንጋይ ይስጡኝ!"

"ያ ዋቅ! የማታ ዜና የምሰማበት እኮ ነው!"

"የዛሬውን ዜና እኔ እነግርዎታለሁ፤ ይስጡኝ!"

ሰጣት። ሰብራ ዘንጉን መዘዘችው፤ በልኩ ቆርጣ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ትፈገፍገው ጀመር። ትለካለች፣ አይገባም፤ ትፈገፍጋለች፣ ትለካለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በመጨረሻ ቀዳዳው ውስጥ ስልክክ ብሎ ገባ።

ቀነዓ ይህን ሲያይ መታገሥ አቃተው። እየሮጠ ወደ ቢሮ ገብቶ፣ "ጓድ፣ ምሥራች! አበዛሽ መኪናው ውስጥ ድንጋይ ከተተችበት!" አለ።

ጓድ ኃይለየሱስ ገና ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ከተመከረበት ስብሰባ መመለሱ ነበር። የራዲዮ ድንጋይ በሐሳቡም አልመጣ። የታየው፣ በንዴት ያበደች ሴት የመንግሥት ንብረት ውስጥ ቋጥኝ ስትወረውር ነው። ወንበሩን ገልብጦ ወጣ።

"አሻጥር ነው! ድንጋዩን ያውጡ!" እያለ ደረጃውን ሲወርድ አበዛሽ ክዳኑን ገጥማ፣ መኪናውን አቅንታ፣ ስፒናውን ሰካች።

መኪናው ጮኸ። ተርገፍግፎ ሳይሆን፣ እንደ ድሮው፣ ያለ ማቋረጥ ጮኸ። ፈይሳ በሬዎቹ እንዳይደነብሩ ገመዳቸውን ጨበጠ፤ ቀነዓ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣ። አበዛሽ ደስታዋ ከአፏ በላይ ሆኖባት፣ ያን ሁሉ ጉራዋን አጥታ፣ እልል ብቻ አለች።

"ድንጋዩን... ድንጋዩን ያውጡ አልኩ እኮ!"

"ካወጣሁትማ ይቆማል፣ ጓድ!" አለችና የተሰበረውን የራዲዮ ድንጋይ ቅርፊት ከመሬት አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "እግርዎን ያንሱልኝ፣ እዚያ ጋ ልጨድ።"

አስተዳዳሪው ቅርፊቱን አየ፤ ቀነዓን አየ። ሳቁ ሲመጣበት ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። እግሩን አነሣ።

አበዛሽ ከጥግ እስከ ጥግ እያጨደች፣ ግቢው በትኩስ ሣር ሽታ እየተሞላ፣ የታጨደው ከኋላዋ ይከመር ጀመር። የፈይሳ በሬዎች፣ ቀንበር እንደ ተሸከሙ፣ ጌታቸውን ጎትተው በሩን አለፉና ክምሩ ላይ አቀረቀሩ። የሚመልሳቸው አልነበረም።

አበዛሽ መኪናውን አጠፋች። ላቧን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችና ወደ በሬዎቹ በአገጯ እያመለከተች፣ "ጓድ ኃይለየሱስ" አለች፣ ቀነዓም ፈይሳም ወጥ ቤቶቹም እስኪሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሣር አይበላም ያለኝ ማን ነበር?"