አበጀ የሳቀበት ፊልም

ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የባሕር አውሬ መፍራት የጀመርሁት። ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። ውኃ ስንል የምናውቀው ክረምት ሲገባ የሚሞላውን ፈፋ ነበር፤ ዓባይም ቢሆን ከደጋው ግርጌ በገደሉ ውስጥ እንደሚሄድ እንሰማለን እንጂ ወርደን አላየነውም።

አውሬውን ቤታችን ያስገቡት አያ ይመር ናቸው። አያ ይመር የጓሮ ክፍላችንን ተከራይተው፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው በአሰብና በደሴ መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ሰንሰለት የግራ እጃቸውን ጣቶች ከቆረጠባቸው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አባታችን በሕይወት አልነበረም። እናታችን ጥጥ ፈትላ እየሸጠች ታሳድገን ነበር። ያኔ ማታ ማታ፣ ራት ከተነሣ በኋላ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ ከእናቴ እንዝርት ጎን ተቀምጦ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ አበጀ ፍሙን ከበን የአያ ይመርን አፍ እናይ ነበር።

ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲተርት፣ እሳቸው የሚያወሩልን ደሴ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩትን ፊልም ነበር። እጁ የበዛ፣ ቤት የሚያህል አውሬ ከባሕር ወጥቶ መርከብ ይሰብራል። አያ ይመር ታዲያ ምንም አይደብቁም። መርከቧ ከጫማ እንደማትበልጥ፣ ማዕበሉ የገንዳ ውኃ እንደሆነ፣ የአውሬው እጅ ሲነሣ የሚስበው ሽቦ እንደሚታይ ሁሉንም ይነግሩናል። ቆዳውንም አይተው ዐውቀውታል፤ የመኪና ጎማ ነው። «ወላሂ፣ ያን አውሬ ቢሰጡኝ የአገራችንን የቦረናን ሰው በሙሉ ጫማ አደርግለት ነበር» ሲሉ እናቴ ሳትቀር ትስቃለች።

ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አውሬው ከመርከቧ ሥር ሆኖ ሲጠብቅ የነበረውን ዝምታ ሲያወሩ ግን ማንም አይስቅም። እኔ እግሬን ከመሬት አነሣለሁ። አንድ ማታ አበጀ «አያ፣ ሽቦው እየታየዎት ምን አስፈራዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሽቦውስ ይታያል። ሳቢው መቼ ይታያል» አሉት።

እናቴ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን አቁማ ወደ በሩ አየች። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ስለ ፊልም የተባለውም ቢሆን በግድግዳ ያልፋል።

ፊልሙ መጨረሻ አልነበረውም። አውሬው ከተማው ዳር ሲደርስ ሾፌራቸው ከውጭ ጥሩንባ ስለነፋ አያ ይመር ሳይጨርሱ ወጥተዋል። አበጀ ይህን ሊቀበል አልቻለም። በየማታው አንድ መጨረሻ ይፈጥራል፤ አንድ ቀን አውሬውን አሳርዶ ለከተማው ሁሉ ቅርጫ ያካፍላል፣ ሌላ ቀን ገዳም አስገብቶ ያመነኩሰዋል። አያ ይመር አይሆንም ይላሉ፣ እሱ ይሆናል ይላል። እያወራ ራሱ ይስቃል። ሳቁ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበ እንደ አህያ ያናፋል። ሰፈሩ ሁሉ በጨለማ የሚለየው ሳቅ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ በየቀበሌው ተደለደለ። አበጀ ጺም ማብቀል ጀምሮ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስንቅ ይዛ ጎረቤት ወረዳ ወግዲ፣ አጎታችን ዘንድ ወሰደችውና ብቻዋን ተመለሰች። ለጠየቀን ሁሉ ደሴ ሥራ አግኝቷል አልን። ከዚያ ወዲያ አያ ይመር ፊልሙን አላወሩም። እንዲያወሩልኝ ስለምናቸው፣ ተከራካሪው ሳይኖር ምን ዋጋ አለው ይሉኝ ነበር። ቤታችን ዝም አለ። ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ ትነሣለች፣ የበሩን መወርወሪያ በእጇ ትዳስሳለች፣ ትመለሳለች። እኔም ከእሷ ጋር መነሣት ለመድሁ።

አንድ የገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ከደሴ ፊልም እየመጣ ነው፣ የባሕር አውሬ ያለበት ነው፣ በቀበሌው አዳራሽ ያለ ክፍያ ይታያል። የባሕር አውሬ ፊልም ከአንድ በላይ ሊኖር እንደሚችል ያሰበ ሰው በመካነ ሰላም አልነበረም። እኛም አላሰብንም። ለእኛ የመጣው የአያ ይመር ፊልም ነበር፤ መጨረሻውን ይዞ። ወሬው በእህል ነጋዴ አፍ ወግዲ ደረሰ።

እናቴ አትሄድም አለችኝ። በዚያው ሰሞን ኳስ ሜዳ ላይ ተከበው የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። አያ ይመር፣ የእሱ ዕድሜ አልደረሰ፣ እኔ እጁን ይዤ እመልሰዋለሁ ብለው አስፈቀዱልኝ።

አዳራሹ በጠራራ ፀሐይ ጨልሞ ነበር። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ከውጭ ጄኔሬተር ይጮኻል፤ ውስጡ ናፍጣና ላብ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። በሩ አንድ ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ይዘው ቆመውበታል፤ አንደኛው የሰፈራችን ልጅ፣ ከአበጀ ጋር ኳስ እየተጫወተ ያደገ ነው። ስሙን አልጠራም። ዛሬ ልጆች አሉት።

መጀመሪያ ስለ ትራክተርና ስለ ሰልፍ የሚያሳይ ፊልም ታየ። በዚያ መሐል፣ ሰው ገና እየገባ ሳለ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው መጥቶ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠ። በአቀማመጡ ዐወቅሁት። አበጀ ነበር። አያ ይመርም አዩት፤ እጄን ጨመቁኝ።

አውሬው ብቅ አለ። ያ እጀ ብዙው አልነበረም። በሁለት እግሩ የሚቆም፣ ጅራቱን የሚጎትት፣ እንሽላሊት መሰል ነገር ነው። አያ ይመር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይኼ ያ አይደለም» አሉኝ። ዞር ብዬ አየሁ። አበጀም ገብቶታል። በሩ ገና ክፍት ነበር፤ ሊወጣ ይችል ነበር። አልወጣም። ለምን እንደቆየ ጠይቄው አላውቅም። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ውጣ ብባል አልወጣም ነበር። ውሸት መሆኑ እየታየ ዓይን ከላዩ አይነሣም።

ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ስለነበር አብሮት የመጣው ካድሬ በድምፅ ማጉያ ይተረጉምልን ጀመር። ቋንቋውን የሚያውቅ አልመሰለኝም። አውሬው ኢምፔሪያሊዝም መሆኑን ነገረን። ቀጥሎ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ታንኮች ሲመጡ፣ እነዚህ የሰፊው ሕዝብ ልጆች ናቸው፣ አሁን ድባቅ ይመቱታል አለ። ታንኮቹ ተኮሱ። አውሬው ረገጣቸው። ካድሬው፣ ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው አለ። ሌሎች ታንኮች መጡ። እነሱንም ረገጣቸው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸው ዘምቶ ወሬው የጠፋባቸው፣ «ኧረ ልጆቹን፣ ልጆቹን» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ካድሬው ደንግጦ፣ አያልቅሱ እናቴ፣ እነዚህስ የአድኃሪያን ወታደሮች ናቸው አላቸው።

«እነሱስ እናት የላቸው?» አሉት።

ያኔ አውሬው ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ሕንፃ ሊሻገር እግሩን ሲያነሣ ከጎማ ቆዳው ሥር የሰው ጫማ ታየ። ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ። አያ ይመር ለራሳቸው ያሉት መስሏቸው «ከእኔ ዘንድ አልገዛም» አሉ። አዳራሹ ሁሉ ሰማቸው። ከዚያ ከኋላ፣ ከሴቶቹ በስተጀርባ፣ ያ ወደ ውስጥ የሚሳብ ሳቅ መጣ።

ተከትሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ያን ያህል ሰው ባንድ ላይ ሲስቅ በዚያ ዘመን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ወደ በሩ አየሁ። የሰፈራችን ልጅ አልሳቀም። ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። ኮታው ካልሞላ እሱ ራሱ እንደሚላክ ሰፈሩ ያውቃል።

ማሽኑ ቆመ። ብርድ ልብሶቹ ተነሡ፤ ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋው። ልጁ በሰው መሐል ቀጥ ብሎ መጣ። ሳይደርስበት አበጀ ራሱ ተነሣ፤ ጋቢውን አጣጥፎ በትከሻው ላይ አደረገ። ሌሎች ወጣቶችንም ከየወንበሩ አስነሡ። አበጀ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ «አንተ ጨርሰህ እየው፤ ትነግረኛለህ» አለኝ።

ካድሬው ፊልሙ እንዲቀጥል አዘዘ። ከውጭ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ወሬው ደርሷት ሮጣ መጥታለች። አያ ይመር ወደ እሷ ወጡ። እኔ አልተነሣሁም። እንባዬ ሥዕሉን በሸፈነብኝ ቁጥር በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ አፍጥጬ አየሁ። በመጨረሻ አውሬው ቆስሎ ወደ ባሕሩ ገባ፣ ውኃው ከደነው። ካድሬው አለቀ አለ። ሞተ አላለም።

አበጀ የተመለሰው መንግሥት ሲወድቅ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ በእግሩ፣ በየመንገዱ ቁራሽ እየለመነ። አያ ይመር በዚያ መሐል ሞተዋል። አበጀ ምፅዋ እንደነበረ ነገረን፤ ሌላ አልነገረንም። ቀን ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ዓይኑ አይከደንም። እናቴ ጠበል ወሰደችው። ለውጥ አላየንም።

አንድ ምሽት አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ምን እንዳነሣሣኝ አላውቅም፣ «ጨርሼ አይቸዋለሁ እኮ» አልሁት። ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። ቆይቶ «ከመጀመሪያው ጀምር» አለኝ።

ጀመርሁ። ባሕሩን አወራሁ። እሱ እውነተኛውን ባሕር ስላየ፣ ውኃ እንዲህ አይደለም ብሎ ያርመኛል ብዬ ነበር፤ አላረመኝም። ታንኮቹ ጋ ልደርስ ስል ቀና ብዬ ባየው ተኝቷል። እናቴ ቀስ ብላ ተነሥታ አለበሰችው፤ በዓይኗም ዝም በል አለችኝ። በማግሥቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር አለኝ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ምሽት። አንዳንዴ ቶሎ አይተኛም፤ ያኔ ቃል እፈልጋለሁ፣ ማዕበል እጨምራለሁ፣ መርከብ እጨምራለሁ፣ አውሬውን ከሥር አቆየዋለሁ።

ከዚያ ተራ ፊልም ለእኔ የተረፈኝ ባሕር የማርዘም ልማድ ነው። ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል፤ እሱ ልጆቹን ድሯል፣ እንቅልፉም ተመልሶለታል። መጨረሻውን ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም እስካሁን አልነገርሁትም።