ቦንጋ ዳገት ላይ የምትቆመው ነጭ መኪና

ኦሞት ሾፌርነትን የተማረው ሚሲዮኖች ትተውት በሄዱት አሮጌ ጂፕ ነው። ጂፑ ሲቆም ምክንያቱን አይደብቅም ነበር፤ ወይ ጎማ ነው፣ ወይ ባትሪ ነው። ስለዚህ ኦሞት እስከ ሠላሳ ዓመቱ ድረስ መኪና ማለት ሆዱ ግልጽ የሆነ ነገር ይመስለው ነበር። ከዚህ እምነቱ ያወጣችው ፈረንሳይ ሠራሿ ናት።

በ1972 ዓ.ም. ጎሬ ላይ የአንድ ቡና ነጋዴ ንብረት ሲወረስ እሷም አብራ ተወረሰችና ጋምቤላ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደበች። ነጭ ናት፤ ወንበሯ እንደ ሶፋ ያሰምጣል፤ ስትሄድ ድምፅ የላትም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ረታ በመጣችለት ቀን ከባሮ ድልድይ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ድልድዩ ሲመላለስባት ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ፀባይዋን ታወጣ ጀመር። መጀመሪያ የግራ በሯ መስተዋት ወደ ታች ወርዶ በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ዝናብ በሌለበት የዝናብ መጥረጊያዋ ራሱን ችሎ ይሠራ ጀመር፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀጥ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ሦስት ወር ይጠበቃል፣ ሲመጣ የሌላ ሞዴል ይሆናል። ኦሞት በሽቦና በጎማ ቁራጭ ሲጠጋግናት አፉ ስድብ እየመጣበት ይመልሰው ነበር፤ ጴንጤ ስለሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ከዳገቱ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነው። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ የሚሄደው መንገድ እዚያው አጠገብ ያለችውን ትንሿን ቦንጋን እንዳለፈ ሽቅብ ይወጣል። መኪናዋ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ስትደርስ ሁለቴ ትስላለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ግማሽ ሰዓት ትቆይና ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ኦሞት ምክንያቱን ያገኘው ብዙ ጊዜ እጁን አቃጥሎ ነው። የጋምቤላ ሙቀትና የሞተሩ ሙቀት ሲደራረቡ ቤንዚኑ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ የፈላ ቤንዚን ደግሞ አይቀዳም። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ቤንዚን የሚስበው ፓምፕ ላይ ጣል አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ጨርቁን ካለበሰ በኋላ ኦሞት መንገዱ ዳር ካለ ሾላ ሥር ይቀመጣል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመት አልፎታል። እቤቱ እንዳይጸልይ ግድግዳው ሸምበቆ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የቀበሌ ሰው ነው። ዳገቱ ላይ ግን ማን አለ? ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የጫናቸው የመሥሪያ ቤቱ ተሳፋሪዎች እያላባቸው፣ በንዴት እያዩት መሆኑን ረስቶታል።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ያየውን ጽፎ ለጓድ ረታ ሰጠ። ጉዳዩ ለቅዳሜው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተቀጠረ። አርብ ማታ ሚስቱ አጁሉ በአኙዋክኛ ለመነችው።

“ተኝቼ ነበር በል። ለተኛ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጡት። ለጸለየ ግን ምን እንደሚሰጡ ታውቃለህ።”

ኦሞት “እሺ” አላት። እሺ ሲላትም ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ጓድ ረታ ተነስቶ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። “ካልተበላሸች ለምን ቆመች? ከተበላሸች ደግሞ ማንም ሳይጠግናት እንዴት ተነሳች?” አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። ረታ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደጋ ያደገ ሰው ነው። ቤንዚን ድስት ላይ እንዳለ ውሃ ይፈላል ቢሉት እየቀለዱበት ይመስለዋል። ስለዚህ ለእሱ መልሱ ከሁለት አንዱ ነበር፦ ወይ የኢኮኖሚ አሻጥር፣ ወይ የሃይማኖት ቅስቀሳ።

“ዓይንህን ጨፍነህ ስታጉተመትም ታይተሃል። ምን እያደረግህ ነበር?”

ተኝቼ ነበር የሚለው ቃል ኦሞት ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልወጣለትም።

“ጸሎት ነው፣ ጓድ” አለ። “መኪናው ግን በጸሎት አይደለም የተነሳው። በውሃ ነው።”

አንዳንዱ ሳቀ። ኦሞት በአሻጥርም በጸሎትም ተብሎ ስድስት ወር ተፈረደበት። አጁሉ የዚያን ቀን አላለቀሰችም፤ ተናደደች። እስር ቤት ስንቅ ስታቀብለው እንኳ ዓይኑን አላየችውም።

በእሱ ቦታ ፈረጅ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ተተካ። በሁለተኛው ሳምንት ጓድ ረታን ይዞ ዳገቱ ላይ ቆመ። ፈረጅ እንደ ደንቡ ካርቡራተሩን ፈታ፤ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈው። ጓድ ረታ በቀትር ፀሐይ እስከ ቦንጋ በእግሩ ወርዶ፣ በእህል ጭነት ላይ ተቀምጦ ከተማ ገባ። ፊቱ ተልጦ ነበር። በቀጥታ እስር ቤት ሄዶ “ያንን ሰውዬ አምጡልኝ” አለ።

ኦሞት ዳገቱ ድረስ ተወስዶ የተረፈውን ብሎን ቦታው መለሰ፤ መኪናዋ ጥቂት ወጥታ እንደ ልማዷ ስትቆም ጨርቁን አርሶ አለበሰ፣ ተቀመጠ። መኪናዋ በሃያ ደቂቃ ተነሳች። ረታ በገዛ ዓይኑ አየ።

ፍትሐዊ ሰው ነኝ ብሎ ስለሚያምን በማግስቱ አሻጥሩን ሰረዘለት። ጸሎቱ ግን በራሱ አፍ የታመነ ነበርና ስድስት ወሩ ጸና። መኪናዋንም የሚችላት ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ኦሞት ጠዋት ጠዋት ከእስር ቤት እየወጣ እንዲነዳ፣ ጉዞው ሲያበቃ እየተመለሰ እንዲቆለፍበት ተወሰነ። እስር ቤቱ ቆርቆሮ ቤት ነው። አርባ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጥበታል፤ ለመገላበጥ ተራ ይያዛል።

በአራተኛው ወር ኦሞትና ጓድ ረታ ብቻቸውን ከጎሬ ሲመለሱ፣ መኪናዋ ልማዷን ቀይራ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። ቀኑ ከሌላው ጊዜ የባሰ ሙቀት ነበረው። ኦሞት ጨርቁን አልብሶ ወደ አንድ ዛፍ ሥር ሄደ። ረታም ጥላ ፍለጋ ተከትሎት አጠገቡ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ኦሞት ሄዶ ሞከረ፤ አልተነሳችም። ተመልሶ መጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ረታ ሰዓቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ወደ ኦሞት ዞረ።

“ጸለይክ?”

ኦሞት ዓይኑን ገለጠ። “አዎ፣ ጓድ።”

“ምን ብለህ?”

አሁንም መዋሸት ይችል ነበር።

“ቶሎ እንዳይነሳ።”

ረታ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ከተማውና ቆርቆሮው እስር ቤት ወዳሉበት ወደ ሜዳው ተመለከተ። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጀርባውን ለዛፉ ሰጠ።

“እንግዲያው ሲመሽ እንሄዳለን” አለ።