ለእታለም ጉልበት የተለካ ፔዳል

የጋራዡ ሰዎች አያርፌ የሚሉት በከንቱ አይደለም። ሰውዬው መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ እግሩ ይወራጫል፤ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጨርስ ያየው ካለ ይምጣና ይመስክር! ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል። ከሦስት አሮጌ መኪኖች ለቃቅሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የገጣጠማት ቢጫ መኪና አለቀች ሲባል፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮን ፔዳሏ አልስተካከል ብሎ ልቡን አውልቆታል።

መኪናዋ የታላቅ እህቱ ናት። አውቶቡስ እየነዳች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ግራ ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ግን እንደ ልብ አይታጠፍም፣ እንደ ልብም አይዘረጋም። አሁን ሥራዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን አነዳድ መሳደብ ሆኗል። "እንደገና ካልነዳች ቤት ውስጥ ታልቅብኛለች" ይላል አያርፌ። ሌላ ሐሳብ የለውም።

በሦስት ቀን ሦስቴ አስተካከለው፤ ሦስቴም መጥታ ረገጠችው።

"እንዴት ነው፣ እታለም?"

"ደህና ነው፣ እጅህ ይባረክ።"

ማርሹ ግን ይጮሃል፤ ፔዳሉ በደንብ ካልወረደ መቼም ይጮሃል። እሱ ሲረግጠው ደግሞ ጸጥ! ወይ ጉድ! ዘይቱን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ ዘይቱን የሚገፋውን ፖምፔታ የሸጠለትን ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ረገመ።

በአራተኛው ቀን ፔዳሉን ትቶ ፊቷን አየ። ስትረግጥ ከንፈሯን ነክሳለች።

"ያምሻል እንዴ?"

"ኧረ ምን ሆኜ!"

አያርፌ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ አንስቶ የገዛ ግራ ጉልበቱን ጠፍሮ አሰረና መሪው ፊት ተቀመጠ። ወንበሩን ሲያስጠጋ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፤ ሲያርቀው እግሩ አልደርስ አለ። ለካ ይሄን ሁሉ ቀን የለካው በራሱ ጤነኛ እግር ነው! በራሱ በገነ፤ የጮኸው ግን እሷ ላይ ነው።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"እንቅልፍ አጥተህ እያየሁህ ምን ልበልህ?"

ያን ቀን ምሳም አልበላም። የፔዳሉ ክንድ ላይ ከድሮው ቀዳዳ ዝቅ አድርጎ ሌላ ቀዳዳ በሳና ፖምፔታውን የሚገፋውን ዘንግ እዚያ አሰረው። አሁን ፔዳሉ አራት ጣት ያህል ብቻ ቢወርድ ይበቃል፤ ነገር ግን ከብዷል።

"ይከብድሻል፣ እታለም።"

"ክብደቱን ለእኔ ተወው፤ አውቶቡስ የረገጥኩ ሰው ነኝ።"

ሁለቴ ሞተሩ ጠፋባት። በሦስተኛው መኪናዋ ያለ ምንም ጩኸት ተንቀሳቀሰች፤ የግቢውን በር አልፋም አስፋልቱን ያዘች። አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። አያርፌ ከበሩ እስከ ጥጉ፣ ከጥጉ እስከ በሩ ሲመላለስ መሬቱን ሊበሳው ደረሰ።

ተመልሳ መጣች። ፊቷ በላብ ወዝቷል።

"ያማል" አለችው እየሳቀች።

"ክብደቱን ትንሽ ልቀንሰው? ቀዳዳውን አንድ ጣት ብቻ ከፍ ባደርገው..." የብሎን መፍቻውን አነሳ።

"በሞቴ እንዳትነካው!" በሩን ከውስጥ ቆለፈችበትና ማርሽ አስገብታ እንደገና ወጣች።