ስትጸልዩልኝ ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ፈልጌ ፓስተራችንን ጥቂት ደቂቃ ለመንኳቸው። የሴት ጉዳይ ስለሆነ ወንድሞች ትንሽ ታገሡኝ። ባለቤቴ ዳንኤል ሁሉንም ያውቃል፣ ይኸው እዚያ ተቀምጧል። እትዬ ወርቅነሽም ስማቸውን እንዳነሳ ፈቅደውልኛል።

እንደምታውቁት ልጅ የለንም። ቶሮንቶ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የረቡዕ ጸሎት ቡድን ስለ ማህፀኔ ሳይጸልይ ያለፈበት ሳምንት የለም። እጃችሁን ጭናችሁብኛል፣ ጾማችሁልኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። እውነቱን ልናገር፤ አሜን ስል የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አትሳቁ! ኧረ ሳቁ፣ አሁንማ እኔንም ያስቀኛል። ያኔ ግን አያስቅም ነበር።

ለምን ብትሉ፣ ታላቅ እህቴ አዳማ በወሊድ ነው የሞተችው። አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እርግዝናን እጅግ እፈራለሁ። ለዳንኤል አልነገርኩትም፤ ልጅ እንዴት እንደሚወድ ስለማውቅ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ጌታንም በእውነት አላውቀውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምመጣው ዳንኤል ስለሚመጣ ነው። መዝሙሩን በቃሌ እችላለሁ፤ ስጸልይ ግን የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ስመረመር የተኛ ቲቢ አለብሽ ተባልኩ። አያስልም፣ ለሰው አይተላለፍም፤ እንዳይነሳ ግን ለአራት ወር መድኃኒት ይወሰዳል። ክሊኒኩ ኢንተርፕሪተር ጠራልኝ። ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እትዬ ወርቅነሽ! የረቡዕ ጸሎታችን መሪ! ሥራቸው አስተርጓሚነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔ ይመደባሉ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ነርሷ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች፤ እሳቸው በአማርኛ ነገሩኝ። ምን ልበል? «የለም» አልኩ።

መድኃኒቱን ጀመርኩ። ሽንት ብርቱካናማ ይሆናል ብለውኝ ስለነበር እሱ አላስደነገጠኝም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያለ ጊዜው ደም ይፈሰኝ ጀመር፤ ክኒኑን አንድም ቀን አላዛነፍኩም እኮ! ከዚያ ቁርጠቱ መጣ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያጎብጠኝ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አልቆመም። ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ቁጭ ብዬ «እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው» አልኩ። «አርግዤ ቢሆንስ?» ስል ደግሞ የእህቴ ፊት መጣብኝ። ዳንኤል «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ጨጓራዬ ነው» አልኩት።

ሲብስብኝ ክሊኒኩ ጋ ኮል አደረግኩ፤ ዛሬውኑ ነይ አሉኝ። ስገባ እትዬ ወርቅነሽ ተቀምጠዋል። ሐኪሟ «ያልነገርሽን መድኃኒት አለ?» አለች። ወለል ወለሉን እያየሁ «ፒልስ እወስዳለሁ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖኛል» አልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ በዚያው ድምፃቸው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተረጎሙት። ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም! ሐኪሟ ወዲያው ገባት። «የቲቢው መድኃኒት የክኒኑን ኃይል ያዳክማል። ደሙ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ እርግዝና እንዳለና እንደሌለ ግን ማየት አለብን» አለች። ሽንት ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። እርግዝና የለም፣ ማህፀኔም ደህና ነው። ስሙ ይባረክ! የቲቢውን መድኃኒት እንድጨርስና መከላከያውን በሌላ ዘዴ እንድለውጥ ነገረችኝ። ደሙም እያደር ቆመ።

ስንወጣ «እትዬ፣ አሁን ለቡድኑ ምን ይሏቸዋል?» አልኳቸው።

«እዚያ ክፍል የሰማሁት ከእኔ አይወጣም።»

«እርስዎ ሲጾሙልኝ እኔ እኮ እያታለልኩዎት ነበር።»

እጄን ያዙኝ። «እኛን እንጂ ጌታን አላታለልሽውም። ግን የኔ ልጅ፣ ምን ያህል ብትፈሪ ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ እህቴ እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነገርኳቸው፤ ሁለት አውቶቡስ አለፈን።

በሚቀጥለው ረቡዕ አንዷ እህት እንደ ወትሮው «ስለ ማህፀኗ እንጸልይ» ስትል፣ እትዬ ወርቅነሽ «ዛሬ ለልቧ ሰላም እንጸልይላት» አሉ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ቅዱሳን፣ ያን ጊዜ ተሸነፍኩ! አገልጋይዋ ጉዴን እያወቁ እንዲህ ከራሩልኝ ጌታውማ እንዴት ይሆን አልኩ። «ጌታ ሆይ፣ ታውቀኛለህ፤ ከእንግዲህ አልደበቅህም፤ ተቀበለኝ» ብዬ ጸለይኩ። ጌታን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው። ሃሌሉያ!

በማግስቱ ለዳንኤል ነገርኩት። አልዋሽም፣ ተቆጣ፤ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ መጥቶ «ያገባሁት አንቺን ነው። ለምን ብቻሽን ፈራሽ?» አለኝ። አለቀስን።

ወገኖቼ፣ ልጅ ወለድኩ ብዬ አልመሰክርም። ገና አልወሰንንም። ፍርሃቱም ጨርሶ አልሄደም፤ አማካሪ ጋር እየሄድኩ ነው። የጸሎት ቡድን እህቶቼ፣ ስለዋሸኋችሁ ይቅር በሉኝ። እህቶች፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ንገሩ፤ የሚያስተረጉመው ማንም ይሁን። ጌታንም እመኑት፤ ጉዳችንን ሁሉ እያወቀ የሚወደን እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። እህቴ ስትሞት ሕፃኗ ተርፋለች፤ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቴ ጋ ናት። ፊቷን ማየት ስለምፈራ በቪዲዮ ደውዬላት አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ደወልኩ፤ ካሜራውን ግን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። «አክስቴ፣ እናቴን ትመስያለሽ አሉ፤ እስቲ ፊትሽን አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት። ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን!