የታገዱት ባሕር ዛፎች

ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወሰኑን ካልነኩበት። ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ያለችው የገብስ ማሳው ከአድማሴ ጓሮ ጋር ትዋሰናለች። አድማሴ በገዛ መሬቱ፣ ከወሰኑ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ፣ ሃያ አራት ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፎቹ አደጉና ጥላቸው ገብሱ ላይ ተኛ፤ ሥራቸው ወሰን ተሻግሮ እርጥበቱን መጠጠው። ከማሳው ዳር ስድስት እርምጃ ያህል ምንም አልበቅል አለ።

«በመሬቴ ላይ የተከልኩትን ማን ይጠይቀኛል?» አለ አድማሴ።

«ሕግ!» አለ ፈንታሁን።

ማንበብ አይችልም፤ ግን ማመልከቻ ጸሐፊው አንዴ ያነበበለትን በቃሉ ይዞታል፦ ባለመሬት በመሬቱ እንደ ልቡ ያዛል፤ ጎረቤቱን ከልክ በላይ ሲጎዳ ግን ይከለከላል። ይህን በሰርግም በለቅሶም ስለሚደግመው ሚስቱ አልታየች «እንግዲህ ዳዊቱን ጀመረ» ትል ነበር።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ። ደግሞ ምን ዓይነት ጠላትነት መሰላችሁ! በቀጠሮ ቀን ሁለቱ ማልደው አብረው ይነሣሉ፤ ከአንድ አቁማዳ ቆሎ እየቆነጠሩ ወደ መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ችሎት ደጃፍ ሲደርሱ ብቻ ነው። ሲመለሱ የዳኛውን ማዛጋት እያነሱ ይስቃሉ።

በመጨረሻ ፈንታሁን አንድ ብልሃት ታየው። ዳኛው መጥተው ጉዳቱን በዓይናቸው ሳያዩ ዛፎቹ ከተቆረጡ ማስረጃው ሊጠፋበት ነው። ስለዚህ አንድም ዛፍ እንዳይነካ አሳገደ።

«እንዲቆረጥ ከሰህ እንዳይቆረጥ አሳገድክ?» አለች አልታየች።

«አንቺ የሕግ ነገር አይገባሽም።»

አልገባትም፤ ማንስ ይገባዋል?

በ1965 ዝናቡ ቀረ። የአገሩ ማሳ ሁሉ እንደዚያች ስድስት እርምጃ ሆነ፤ አረንጓዴ የቀረው የአድማሴ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ጀብሪል የሚባል የመካነ ሰላም ነጋዴ ለመጋዘኑ ቋሚ ፈልጎ አራት ጭነት ማሽላ ይዞ መጣ። ዛፉን በእህል ሊለውጥ ነው። አድማሴ መጥረቢያውን አነሣ።

ፈንታሁን ሮጦ ደረሰ። «በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል በተጠራበት፣ እንኳን ጨዋ ሰው ሌባም ቢሆን እግሩን አያነሣም። ቤቱ እህል ካየ ሦስት ቀን የሆነው አድማሴ መጥረቢያውን አወረደ።

«ፈንታሁን፣ የተራቡት ልጆቼ እኮ ናቸው።»

«ዳኛው ይዩትና ትቆርጣለህ። ቀጠሮው ለሚመጣው ወር ነው።»

ጀብሪል «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብሎ ጭነቱን ወደ ሌላ መንደር ነዳ። በዚያው ሳምንት አድማሴ ሚስቱን እታገኘሁንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ተሰደደ። ፈንታሁን ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ እርግጥ የሚበላም አልነበረም። በሬዎቹን ሸጦ ከሞት ተረፈ።

ዳኛውስ? ዳኛውማ አልመጡም። ተከሳሽ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልቀረበ በሌለበት ተፈረደ፤ አድማሴ ዛፎቹን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነቅሎ እንዲያጠፋ ታዘዘ። ፈንታሁን ፍርዱን በኪሱ ይዞ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ተመለሰ። አብሮት የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ አቁማዳውም ከበደው።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፤ መሬትም የሕዝብ ሆነ ተባለ። የዘመቻ ተማሪዎች መጥተው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «አባባ፣ የመሬት ክርክር ቀርቷል፤ ይህ ከእንግዲህ አይሠራም» አሉት። ስድስት ዓመት የለፋበትን ድል አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

በክረምቱ ዋዜማ እታገኘሁ አንዲት ልጅ ብቻ አዝላ መጣች። አዲሱ የገበሬ ማኅበር ጓሮዋን ከነዛፉ መልሶ ሰጣት። እሷ ግን ዛፉን ሳትነካ ቀጥታ ወደ ፈንታሁን ደጅ ሄደች።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ፍርዱ እንዴት ሆነ?»

«አድማሴስ?» አላት።

«ደሴ መጠለያው ውስጥ ቀረ። ሲያጣጥር እንኳ ‹ፍርድ ሳይሰጥ ዛፉን እንዳትነኩ፤ ፈንታሁን በሕግ አምላክ ብሎኛል› እንዳለኝ ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ፈንታሁን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወረቀቱን ጨመደደው።

«ረታኝ» አላት። «አድማሴ ነው የረታው። ዛፉ ያንቺ ነው፤ ቁረጪው።»

እታገኘሁም እንደ ደንቡ፣ ለረታው ባሏ ብቻዋን እልል አለች።