የጥቁሩ ገብስ ዘር

ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከኩታበር ከፍ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አያቴ እንድሪስ መግሪብ ከሰገዱ በኋላ ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ እኔና ታናሽ እኅቴ ዘይነባ ጋቢያቸው ውስጥ ተሸጉጠን እናዳምጣለን። ያኔ ከሁሉ የምወደው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነበር። አንደኛው ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል ብሎ ማሳውን በሙሉ ስንዴ ይዘራል፤ ሌላው ገብሱንም፣ ባቄላውንም፣ ጓያውንም ከፋፍሎ ይዘራል። ስንዴውን ውርጭ ሲመታው ያ ወንድም ባዶ አቁማዳውን ይዞ ወደ ወንድሙ ደጅ ይመጣል። እኔ ግን የሁለቱም ቢደርቅስ እያልኩ አስቸግራቸው ነበር። ዘር ይቀራል ይሉኝና ወደ ጓዳው ይጠቁሙኛል። እዚያ አፉ በጭቃ በተመረገ ትልቅ ቅል ውስጥ የጥቁር ገብስ ዘር ነበር፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ የአገራችንን ብርድ የሚችል።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ የሁሉም ደረቀ። በልጉም ክረምቱም ቀረ። አባቴ በሬዎቻችንን ኮምቦልቻ ወስዶ ከሸጠ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ዘይነባ መቆም አቃታት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ አያቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባ፣ ልጅቱ ልትሞትብኝ ነው። ዘሩን ይስጡኝ።»

አያቴ ወደ ጓዳው ገቡ። ራሳቸው ቅሉን አምጥተው ጭቃውን በጣታቸው ፈለፈሉት። ገብሱን እየቆጠብን አጥሚት አድርገን ጠጣነው። ባለቀ በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ሞተች።

በተከታዩ ክረምት ዝናቡ መጣ። በእርዳታ ያገኘነው ዘር ግን የቆላ ነበርና ገና ሳያሸት ውርጭ ፈጀው። የጠወለገው ማሳ ዳር እናቴ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ ስትቆም አያቴ እንዲህ አሏት፦

«ወላሂ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልጄ። በደጉ ጊዜ ዘሩን ለዘመድ ለጎረቤቱ ባካፍል ኖሮ፣ እኛ ብንበላውም አንዱ ቤት ይገኝ ነበር። እኔ ሰስቼ ብቻዬን ያዝኩት።»

አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ሰኞ ገበያ ስወጣ ከኩታበር የሚመጡትን ገበሬዎች ስለ ጥቁሩ ገብስ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቀው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እኅቴ ተርፋልኝ ቢሆን፣ የዘሩ መጥፋት ይህን ያህል ባልቆረቆረኝ። ሁለቱንም አጣን። እየቆየ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ ዘመን ድንበር ለድንበር ስናርስ፣ በየጓዳችን ምን ዘር እንዳለ አንዳችን ሌላችንን ጠይቀን አናውቅም ነበር።