ከትከሻ አጥንት ሦስት ጣት ዝቅ

ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ካለችው ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሲሪንጅ ቀቀልኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ የሆኑት ድሬሰሩ ጋሼ ጌጡ፣ «ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ ይቆይ፤ ሰዓት ከሌለሽ እኔን ጠይቂ» አሉኝ። በየደቂቃው ስጠይቃቸው በሦስተኛው ቀን ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝ።

ቀጥለው ክንድ አስተማሩኝ። ሲርስ ቀለሙ በሚቀየር ኮፒያ እርሳስ የራሴ ክንድ ላይ እሥላለሁ። የፊተኛው ባለ ሁለት ራስ ጡንቻ ከትከሻ ተነሥቶ ከክርን በታች ይያያዛል፤ ክርን ያጥፋል። የኋለኛው ባለ ሦስት ራስ የክርን ጫፍ ላይ ይያያዛል፤ ይዘረጋል። እሱን የሚያዘው ራዲያል ነርቭ የክንዱን አጥንት ከኋላ ተጠምዝዞ ይወርዳል። የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርገውም እሱ ነው።

እናቴ «ክንድሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረዘርኩላት።

«ታጠቢው» አለችኝ።

በዓመቴ መርፌ እንድወጋ ተፈቀደልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። የመጀመሪያው በሽተኛዬ የዓለም ገናው እንጨት ፈላጭ ኦቦ ቶለሳ ነበሩ። ቀኝ ክርናቸው ቆስሎ አመርቅዟል፤ ፔኒሲሊን ታዞላቸዋል። የግራ ትከሻቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የታመመው ይሄኛው ነው። ጤነኛው ምን በደለሽ?»

«መድኃኒቱ በደም ይዞራል፣ ኦቦ።»

«ዞሮ እስኪመጣ እኔ ልሙት? እዚህ ውጊኝ!» የቀኝ ክንዳቸውን ጀርባ፣ መሃሉን፣ በጣታቸው ጠቆሙኝ።

ሽማግሌ እምቢ ማለት አልለመድኩም። ያሉኝን ቦታ በአልኮል ጠረግሁ፤ መርፌውን አነሣሁ።

ጋሼ ጌጡ እጄን ያዙት። አልተቆጡም። ኮፒያ እርሳሱን ሰጥተው «ነርቩን ሣዪላቸው» አሉኝ።

ክንዳቸው ላይ ከላይ ጀምሬ ሣልሁ። መስመሩ ግራጫ ነበር፤ በአልኮል የራሰው ቦታ ላይ ሲደርስ ሐምራዊ ሆኖ ደመቀ። ልወጋ የነበረው እዚያው ላይ ነው።

«ይሄ ከተጎዳ እጅዎ ይንጠለጠላል፣ ኦቦ። ቀና አይልም።»

«መጥረቢያዬስ?»

«አይያዝም።»

የግራ ትከሻቸውን ገለጡ። ከትከሻ አጥንት ሦስት ጣት ዝቅ ብዬ ወጋሁ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ግራው ደግ ነው» አሉ።

በማግስቱ ለሁለተኛው መርፌ ሲመጡ መስመሩ አልለቀቀም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ወረፋ ለያዘው ሁሉ ያሳያሉ፦ «መጥረቢያዬ የሚያልፈው በዚህ ነው።»

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ክንድ የማሳየው እኔ ነኝ። በሽተኛው የሚያመውን ቦታ ያሳያል። የሚወጋበትን ቦታ የምትመርጠው መርፌውን የያዘችው ናት።